በጨው እርሾ ዳቦ ይታወቁ የነበሩት የአቶ ይገዙ ደምሴ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከሥራችሁ ቀርታችሁ፣ በዚህ በስቶክሆልም ብርድ ባቡር ቀያይራችሁ ወንድማችንን አቶ ይገዙ ደምሴን ለመሸኘት ስለ መጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል። ይህን ዜና ሕይወት የጻፈውም የሚያነበውም የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ዕንባቆም ነው። በለቅሶ ላይ ሟችን ሁሉ መልአክ፣ አልቃሽን ሁሉ ወዳጅ አድርጎ መናገር ልማዳችን መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን አቶ ይገዙ ውሸት ሲሰሙ የሚያቅለሸልሻቸው ሰው ስለ ነበሩ፣ ነገሩ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በመካከሉ የሚጎረብጠው ሰው ቢኖርም እስከ መጨረሻው ይታገሥ።

አቶ ይገዙ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅአየሁ ተክሌ በደብረ ብርሃን ከተማ በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ የደሴ መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር ዳቦ እየጋገሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ እግዚአብሔር የሰጣቸው ግን ወንዶች ልጆችን ብቻ ስለ ነበር፣ ሊጥ የማቡካቱ ሥራ ዞሮ ዞሮ በሦስተኛው ልጅ በይገዙ ላይ ወደቀ። የሰፈሩ ልጆች «ሊጥ ለዋሽ» እያሉ ቢያበሽቋቸውም፣ ከሰዓት በኋላ ሲርባቸው ዳቦ ፍለጋ የሚመጡት እነዚያው ልጆች ነበሩና፣ ሰው የሚሰድበውን እጅ መልሶ እንደሚልስ አቶ ይገዙ የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው።

ስለ እርሾው ጥቂት መባል አለበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሊጥ ስለማያስነሣ፣ ወይዘሮ ብርቅአየሁ የስንዴ ዱቄት ለብ ባለ ውኃ አቅጥነው ይበጠብጡና፣ ጨው ጨምረውበት፣ አፉን በጨርቅ አስረው ከምድጃው ዳር ያስቀምጡት ነበር። ይህ ጨው የገባበት ቀጭን ሊጥ አረፋ አውጥቶ ሲነሣ የሚሰጠው ሽታ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያስመልሳል፤ የቆየ አይብና ዝናብ የመታው ካልሲ በአንድ ማሰሮ ቢከደኑ እንዲያ ይሸታሉ። ከዚያ ግማት የሚወጣው ድፎ ዳቦ ግን ውስጡ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ፣ ሽታው ከቤት አልፎ መንገደኛ የሚያስቆም ነበር። እናታቸው «እርሾ የሚጸየፈውን እጅ ያውቃል፤ አይነሣለትም» ይሉ ነበር፤ ልጃቸውም ሊጡን ከመንካታቸው በፊት እስከ ክርናቸው፣ ከነኩ በኋላም እንዲሁ እስከ ክርናቸው መታጠብን ከእሳቸው ወረሱ።

የሚገርመው፣ ያንን ሽታ ችለው ያደጉት አቶ ይገዙ በሌላው ነገር ሁሉ ቶሎ የሚጸየፉ ሰው መሆናቸው ነው። ሌላ ሰው አፉን ባሳረፈበት ብርጭቆ አይጠጡም፤ ያስነጠሰ ሰው ካጎረሳቸው ጉርሻው በጉሮሯቸው አይወርድም፤ ሰው ቤት ሲጋበዙ መጀመሪያ የሚያዩት የአስተናጋጇን ጥፍር ነበር። በዚህ ምክንያት ኩራተኛ የሚሏቸው ነበሩ። ኩራት አልነበረም፤ ሆዳቸው ነው።

ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ከጨረሱ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን በጸሐፊነት ተቀጥረው ሲሠሩ ሳሉ፣ በደርግ ዘመን ታናሽ ወንድማቸው ታስሮ ሳይመለስ ቀረ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ አስከሬኑን ተቀብለው፣ አጥበውና ገንዘው ለመቅበር በየደጁ ቢለምኑም አልተሰጣቸውም። ማን እንዳጠበው፣ ማን ዓይኑን እንደ ከደነለት፣ ታጥቦስ እንደሆነ ሳያውቁ መሞታቸው በልጃቸው ልብ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ።

አቶ ይገዙ በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው፣ በገዳሪፍ ጥቂት ዓመታት ከተንገላቱ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ወደ ስቶክሆልም መጡ። የእናታቸውን እርሾ በጨርቅ ቋጥረው በረሃ አቋርጠው አመጡት እየተባለ የሚወራው ፈጠራ ነው። በረሃውን ሲያቋርጡ የያዙት ጀሪካን ውኃ ነበር፤ እርሾውን የበጠበጡት በከተማው ሰሜናዊ ዳርቻ ሶለንቱና በተባለው ሰፈር በተሰጣቸው ክፍል ውስጥ፣ ከሱቅ በተገዛ ዱቄት፣ በባዶ የማርመላታ ብልቃጥ ነው። ምድጃ በሌለበት ሀገር ብልቃጡን ያስጠጉት ኤለመንት ከምንለው የቤት ማሞቂያ ሥር ሲሆን፣ ኮባ በሌለበት ደግሞ ሊጡን የሚያነጥፉት በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰሎሜ ጋር በሥጋ ወደሙ ተጋብተው ምኞትንና ናቲን ወልደዋል። ወይዘሮ ሰሎሜ በጫጉላው ሳምንት ቤት ውስጥ አይጥ ሞቷል ብለው ሶፋውን ሁሉ ገልብጠው ከፈለጉ በኋላ የሽታውን ምንጭ ሲደርሱበት፣ «እኔን ወይም ብልቃጡን» ብለው እንደ ነበር ዛሬም አይክዱም፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ ግን ያን ቃል አልደገሙትም። ከታች ያለው ጎረቤት ግን ዳቦውን ስላልቀመሰ ለአከራዩ ድርጅት አቤት አለ፤ ሁለት ሰዎችም መጥተው ከማቀዝቀዣው ጀርባና ከገንዳው ሥር የሞተ እንስሳ ሲፈልጉ ቆይተው፣ አንደኛው ብልቃጡን ከፍቶ ቢያሸተው አፉን ይዞ ወደ በረንዳው ሮጠ። አቶ ይገዙ በበኩላቸው የተጸየፉት ሰውየው ጫማውን ሳያወልቅ ሊጥ ያለበት ወጥ ቤት ድረስ መግባቱን ነበር። ያም ሆኖ ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው፤ ሰዎቹም በቅቤ በልተው ሄዱ፤ ማስጠንቀቂያውም በሳምንቱ መጣ።

በሥራ በኩል፣ አቶ ይገዙ በመጀመሪያ ሳህን ሲያጥቡ፣ ቀጥሎ ቋንቋ ሲማሩ ቆይተው፣ ፍሌሚንግስቤሪ በሚገኘው ሆስፒታል ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገልግለዋል። በየማለዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተማውን ሙሉ በባቡር ሰንጥቀው ይሄዱ የነበሩት ለምን ሥራ እንደ ነበር ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ሆስፒታል ነኝ» ከማለት ያለፈ አይመልሱም ነበር፤ ጠያቂውም አንዱ ጽዳት፣ ሌላው አልጋ መግፋት ነው ብሎ በራሱ ግምት ይረካ ነበር። ሥራቸው በአስከሬን ክፍል ውስጥ ነበር። ወገናችን የሆነ ሰው ሲሞትና ቤተሰቡ ሆስፒታሉን ሲጠይቅ፣ ፈቃድ አግኝተው፣ ማንነታቸውን ሳይገልጹ በሥርዓታችን ያጥቡታል፣ ዓይኑን ይከድኑታል፣ አውራ ጣቶቹን አጣምረው ያስሩለታል። ሌላው ሰው የሚሸሸውን ያንን ክፍል፣ ሰው ያጎረሳቸውን ጉርሻ የሚጸየፉት ሰው አንድ ቀን እንኳ ሲጸየፉት አልታየም። ወይዘሮ ሰሎሜ ምክንያቱን አንድ ጊዜ ቢጠይቋቸው «ወንድሜን ማን እንዳጠበው አላውቅም» አሉ።

ከምትሰሙት ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ግን በጽዋ ማኅበራችን ነው። ወር በገባ በሃያ ሰባት ስንሰበሰብ፣ ተራቸው ሲደርስ የሚያመጡት ድፎ ዳቦ ከመሶቡ በላይ ተነፍቶ ሲታይ፣ ጸሎቱ ሳያልቅ ዓይኑን የሚልክ ጥቂት አልነበረም። ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ቅርፊቱ እንዳይቀርበት የማይሻማ፣ ለልጆቼ ብሎ በጎን የማይወስድ፣ «ይገዙ፣ እጅህ ይባረክ፤ ምን ብትጨምርበት ነው?» የማይል አልነበረም። «ጨው» ይሉ ነበር፤ ምስጢር የደበቁ መስሎት የሚቀየማቸውም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከማኅበራችን አባላት የአንዲት እመቤት እናት ባረፉ ጊዜ ነው። የእመቤቲቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ራሳቸው ያውቁታል። እናታቸውን ለማየት ወደ አስከሬኑ ክፍል ሲገቡ፣ አሮጊቷ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ነጠላቸው ተስተካክሎ፣ አውራ ጣቶቻቸው በክር ታስረው የተኙ ይመስሉ ነበር፤ ከአጠገባቸውም ነጭ ልብስ ለብሰው የቆሙት አቶ ይገዙ ነበሩ። እመቤቲቱ እያለቀሱ የአቶ ይገዙን ሁለት እጆች ይዘው፣ አገላብጠው ስመው፣ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መረቋቸው። በዚያ ቀን አቶ ይገዙ ወደ ቤታቸው የገቡት ደስ ብሏቸው እንደ ነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ፤ ሥራቸውን የሚያውቅላቸው ሰው በማግኘታቸው ሸክም ቀለላቸው።

ያው የሳመ አፍ ግን ሐዘኑ ሳይወጣ ስልክ አነሣ። «እኛ እኮ ስንበላ የኖርነው ሬሳ በሚያገላብጥ እጅ የተቦካ ነው» ተባለ፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲዞርም ነገሩ ሥጋ እየለበሰ ሄዶ፣ የእርሾው ሽታ ራሱ ከሆስፒታል ተሸክመውት የሚመጡት ነገር ነው እስከ ማለት ተደረሰ። ከወንዶቹም ኦሪት የሚጠቅስ አልጠፋም፤ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው ብሎ፣ ያውም የገዛ አባቱን አስከሬን ይገዙ አጥበውለት ሳለ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው። ለአቶ ይገዙ ግን ፊት ለፊት የተናገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢናገሯቸው ኖሮ እንኳ ሰው ያሰኝ ነበር።

ተራቸው ደረሰና እንደ ወትሯቸው ጋግረው ማኅበሩ ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ መጡ። የተባረከ ዳቦ እንቢ አይባልም፤ እንቢ ያለ ቡራኬውን ሰደበ ይባላል። ስለዚህ ሁሉም በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ፤ ከዚያም ቄሱና ልጆቹ ሲበሉ ትልልቆቹ በሶፍት እየጠቀለሉ በጎን አሳለፉት። ቤት ወስደው ሊበሉት ነው ብለው አቶ ይገዙ ደስ አላቸው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከልጃቸው ከምኞት ጋር ወጥ ቤቱን አጽድተው፣ የቆሻሻውን ከረጢት ሊጥሉ ሲያነሡት ከበደባቸው። ሲከፍቱት፣ የተባረከው ዳቦ ከነሶፍቱ፣ ከሙዝ ልጣጭ፣ ከሻይ ቅጠልና ሰው ከተናፈጠበት ወረቀት ጋር ተለውሶ አገኙት። ቄሱ የቆረሱት ቁራሽ መሬት ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ የሚበላ ሕዝብ፣ ያንን ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው። ይህን ለመጻፍ ያስጠላል፤ ለማንበብም ያስጠላል፤ ማድረጉ ግን ያላስጠላው ሰው ዛሬም ጥቁር ለብሶ እዚህ ተቀምጧል።

አቶ ይገዙ ከረጢቱን አንሥተው በባቡር ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በነጭ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ቁራሹን አንድ በአንድ እየጠረጉ፣ የረጠበውን በምድጃ አድርቀው፣ ቡራኬ አይጣልም ብለው ይበሉት ጀመር። በሰው ብርጭቆ ውኃ የማይጠጡት ሰው፣ እያቅለሸለሻቸው፣ በውኃ እያወራረዱ፣ እስኪያልቅ ድረስ ለቀናት በሉት። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረችው ምኞት ገና የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲያነሡ እያየች «ፓፓ፣ ኤክሊት!» ብላ በስዊድንኛ፣ አስጸያፊ ነው ማለቷ ነበር፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ አስመለሰች። አባቷም በአማርኛ «የሚያስጸይፈውስ እዚያው ትተነው የመጣነው ነው» አሏት። ምኞት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንን ብልቃጥ መንካት ቀርቶ ማየትም አልወደደችም።

አቶ ይገዙ ከማኅበሩ አልወጡም፤ ሐሜቱ ውሎ አድሮ ጆሯቸው ቢደርስም ማንንም አልወቀሱም። ተራቸው ሲደርስ ግን ከሱቅ የተገዛ፣ ሲጨብጡት ሟሽሾ ጡጫ ውስጥ የሚገባ፣ ጥጥ የመሰለ ዳቦ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ያንን ጥጥ የበሉ ሰዎች «ዛሬስ ዳቦው እንዴት ነጥቷል!» ብለው አመሰገኑ። በዚያች ቀን ዳቦው ከተጣለበት ቀን ይልቅ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። ቤታቸው ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ የተናገሩትም ይህን ብቻ ነው፤ «ሰሎሜ፣ ያን ጊዜ የበሉልኝ ሳያውቁ ነው። አንድ ቀን እጄን ዐውቀው ቢበሉልኝ።» ለቀረው ዘመናቸው የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ አላገኙትም።

ጡረታ ወጥተው ዕረፍት ሳያዩ በቆሽት ካንሰር ታመው፣ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። የሆስፒታል ምግብ ገና ክዳኑ ሲነሣ ያስመልሳቸው ነበርና፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሲተኙ ምኞት የራሷን ቤት ትታ መጣች። አባቷ ከአልጋቸው ሆነው በአማርኛ ሲያዙ፣ እሷ በስዊድንኛ እየመለሰች፣ አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ ሊጡን በጠበጠችው፤ ከጊዜ በኋላም ሻርፑን ተወችው። ማኅበርተኛው ሊጠይቅ ሲመጣ አቶ ይገዙ ያንን ዳቦ አስቆርሰው ያስቀርቡ ነበር። አንዱ ጾም ነኝ አለ፤ ሌላው ስኳሬ ከፍ ብሏል አለ፤ የስንዴ ግሉተን አይስማማኝም ያሉ፣ በማግሥቱ ግን በልደት ግብዣ ላይ ኬክ ሲቆርሱ የታዩም አሉ። አቶ ይገዙ ሳህኑ እንደ ሞላ ሲመለስ በዓይናቸው ይከተሉትና «ግድ የለም፣ አስቀምጪው» ይሉ ነበር።

አቶ ይገዙ ኅዳር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ምኞት የአባቷን አስከሬን ለማያውቁት እጅ አልሰጥም ብላ፣ ከእናቷ ጋር ወደ አስከሬኑ ክፍል ገብታ፣ የእጅ ጓንት ስጡኝ ሳትል ራሷ አጠበቻቸው፤ ዓይናቸውን ከደነች፤ አውራ ጣቶቻቸውንም አባቷ ለሌላው ሲያደርጉት እንደ ነበረው አሰረች። ከዚያም ቤት ገብታ እስከ ክርኗ ታጠበችና፣ አባቷ ሳሉ ከተበጠበጠው የጨው እርሾ ሊጡን አቡክታ ጋገረች።

አቶ ይገዙ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰሎሜን፣ ልጆቻቸውን ምኞትንና ናቲን፣ በደብረ ብርሃን የሚኖሩ ሁለት ወንድሞቻቸውን ከነቤተሰባቸው፣ እንዲሁም በሥርዓት ታጥበው የተቀበሩ ብዙ ሙታን ያሏቸውን፣ ያጠበላቸውን ሰው ግን ያላመሰገኑ በርካታ ቤተሰቦችን ትተው አልፈዋል። አቶ ይገዙ ከመሞታቸው በፊት ሁሉንም ይቅር ብለዋል፤ ይህን እንድናገር አዘዋልና ተናግሬአለሁ። ይህን ያነበበው ዕንባቆም ግን ገና ይቅር አላለም።

ከጸሎቱ በኋላ በአዳራሹ የሚቀርበው ዳቦ ምኞት የጋገረችው ነው። አባቷን ባጠበችበት እጅ ተቦክቷል። ይህ በግልጽ የሚነበበው ማንም ሳያውቅ እንዳይበላ ነው፤ ቄሱም ይባርኩታል፤ ስለዚህ የማይበላ ሰው አይቀበል። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር የለውም፤ ማንም ማንንም አይቆጥርም።

ሰው የተጸየፈውን የማይጸየፍ አምላክ፣ ለምጻሙን በእጁ የዳሰሰ ጌታ፣ የወንድማችንን የይገዙን፣ በክርስትና ስማቸው የኃይለ ሚካኤልን፣ ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸው ያልተሰጣቸውን የወንድማቸውን ፊት በዚያ ያሳያቸው፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። አሜን። የአዳራሹ መግቢያ በግራ በኩል ነው፤ ምኞት ዳቦውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።